የቅዳሜው መኖ

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በሰሞነ ሕማማት፣ ረቡዕ ዕለት ነው። ጠዋት ሰበታ ቢሮ ውስጥ ተጀምሮ፣ ከሰዓት በኋላ ተፍኪ አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ የዶሮ መኖ በመብላቴ አበቃ። ያበቃ መስሎኝ ነበር ማለት ይሻላል።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ቡራዩ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር፤ ሥራዬ ደግሞ ሰበታ። ካርታ ላይ ሁለቱ ጎረቤት ናቸው። በታክሲ ግን አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት ስለሚቀል በየቀኑ ዋና ከተማዋን ሁለት ጊዜ አቋርጥ ነበር። ከተማዋን የማውቃት በታክሲ ሰልፏ ነው።

የምሠራበት ቤት የዶሮ መኖ ፋብሪካ ነው። ባለቤቷ እትዬ አስካለ ይባላሉ። ሰበታ ገበያ ውስጥ ፉርሽካ ከመቸርቸር ተነስተው ፋብሪካ ያቆሙ ሴት ናቸው፤ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አንዳንድ ሱቅ አላቸው። አንድ ስብሰባ ላይ ትልልቅ ድርጅቶች «ዳታ ዌርሃውስ» የሚባል የመረጃ መጋዘን እንዳላቸው ሰምተው መጡና እኔን ቀጠሩኝ። ሥራ የጀመርኩ ዕለት ቁልፍ ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ፤ ከበቆሎው መጋዘን ጎን ያለውን ባዶ ቤት ከፍተው «ይበቃሻል?» አሉኝ። አንድ ጠረጴዛና ኮምፒውተር እንደሚበቃኝ ነገርኳቸው። ደስም ያላቸው፣ ትንሽ ቅርም ያላቸው መሰለኝ።

ሥራዬን እንዲህ ብዬ ነው ያስረዳኋቸው። ሰበታ ያለው ሱቅ ሽያጩን ኮምፒውተር ላይ ይመዘግባል፣ በፈረንጆች ቀን። ቡራዩ በኤክሴል ይጽፋል፣ በኢትዮጵያ ቀን። ሱሉልታ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልካል፤ አንዳንዴ የሻጯ አውራ ጣት ቀኑን ይሸፍነዋል። ፋብሪካው ደግሞ የራሱ ፋይል አለው፤ ምን ቀን ምን ተመረተ፣ የትኛው መኪና ወዴት ወሰደው። አራቱም የሚያውቁትን በትክክል ይናገራሉ፣ ግን እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም። እኔ አራቱን አንድ ቦታ አመጣለሁ፣ ቀናቸውን አንድ ዓይነት አደርጋለሁ፣ አንዴ በአማርኛ አንዴ በኦሮምኛ የተጻፈውን አንዱን ደንበኛ አንድ ሰው አደርገዋለሁ። ከዚያ እሳቸው ጥያቄ ሲኖራቸው ሦስት ቦታ ከመደወል አንድ ቦታ ይጠይቃሉ።

አንድ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ግን አንድም ቀን አልጠየቁም። ሪፖርቴን የማያውቁትን ሰው የሠርግ ጥሪ እንደሚያነቡ አድርገው በአክብሮት ያነቡታል፤ ከዚያ ስልካቸውን አንስተው ሦስቱም ሱቅ ይደውላሉ። በስተመጨረሻ ይሄ ነገር መቀጠል አለመቀጠሉን ከፋሲካ በኋላ እንደምናየው ነገሩኝ። እኔም ቦሌ ያለ አንድ ቢሮ ሥራ ሊሰጠኝ ፈልጎ ከፋሲካ በኋላ መልስ እንደምሰጥ ነግሬው ነበር። ሁላችንም ፋሲካን እየጠበቅን ነው።

ሻጮቹ አብዝተው የሚጠሉት አንድ ነገር ነበረኝ። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ጎን «ደንበኛው ምን አለ» የሚል ቦታ አስገብቻለሁ። ሻጮቹ ባዶውን ካልተዉት «ተወደደ አሉ» ብለው ይሞሉታል። ወራት ሙሉ «ተወደደ አሉ» ነው ያነበብኩት። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ልወጣ ስል ግን ከሱሉልታ አንድ ሌላ ነገር አየሁ፦ «ዶሮዎቹ ውሃ አብዝተው ይጠጣሉ አሉ።»

ወደ ቤቴ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ነገሩ አልለቀቀኝም። ዶሮ ውሃ ቢጠጣ ምን ይገርማል ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ ከዚያ ደግሞ ሻጯ ይሄን ያህል ቃል ለመጻፍ የተነሳችው ለምንድነው ብዬ ጠየቅሁ።

ረቡዕ ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ የሳምንቱን አቤቱታ በሙሉ ከሦስቱም ሱቅ አንድ ላይ አወጣሁ። ሱሉልታ ሁለት ሦስት ሰዎች ስለ ውሃው ተናግረዋል፣ አንዱ ደግሞ ሞቱብኝ ብሏል። ቡራዩ ዶሮ የሞተባቸው አሉ። ሰበታ ኩሳቸው ውሃ ሆነ ያሉ አሉ። ሦስቱም ሱቅ ደወልኩ። የሚገርመው ሦስቱም ጋ ማብራሪያ ተዘጋጅቶ ቆይቶኛል። የሱሉልታዋ ሻጭ ብርዱ ነው አለችኝ። የቡራዩው ሻጭ ተስፋዬ ሰዎቹ የሚቀዱት ውሃ ተበላሽቶ ነው አለኝ። ሰበታ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ገብቷል አሉ። ለየብቻ ሲሰሙት ሦስቱም ያሳምናል። በየሱቁ የመጣው አቤቱታ ትንሽ ነው፤ ዶሮ ደግሞ ይሞታል።

ያን ጊዜ ነው የፋብሪካውን ፋይል ከሽያጩ ጋር ያገናኘሁት። አቤቱታ ያቀረቡት ሰዎች የገዙት መኖ መቼ እንደተመረተ ጠየቅሁ። መልሱ ቶሎ መጣ። ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም ቅዳሜ የተመረተውን የወሰዱ ናቸው። ከዚያ በፊት የተመረተውን የወሰዱት ብዙ ናቸው፤ ከነሱ ግን «ተወደደ» ከማለት ያለፈ የተናገረ የለም።

ከዚያ ኮምፒውተሬን ይዤ እትዬ አስካለ ቢሮ ገባሁ። የምርት ኃላፊው አቶ ግርማ እዚያው ነበሩ፤ ለበዓሉ የሚደርሰውን ትዕዛዝ ይነጋገራሉ። የፋሲካ ሳምንት ማለት ለኛ ደንበኞች ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ሰው ለወራት ያሳደገውን ዶሮ የሚሸጠው በዚያ ሳምንት ነው። እንቁላሉም የሚሸጠው ያኔ ነው። የልጅ ትምህርት ቤት፣ የቤት ኪራይ፣ ሁሉም ነገር ለዚያ ሳምንት ተቀጥሯል።

ያየሁትን ነገርኳቸው። አቶ ግርማ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ማቀላቀያ ማሽኑን ራሳቸው የተከሉት፣ እንደ ልጃቸው የሚያዩት ሰው ናቸው። ስጨርስ ያ አንድ ሰው ማነው አሉኝ። ሱሉልታ ያለ ሰው እንደሆነ፣ ዶሮ ሞቱብኝ ካሉት አንዱ እንደሆነ፣ ነገር ግን የገዛው ከቅዳሜው በፊት የተመረተውን እንደሆነ ነገርኳቸው።

«እንግዲያው መኖው አይደለማ» አሉ፤ ወደ እትዬ አስካለ ዞረው። «የዚህ ሰው ዶሮ ያለ ቅዳሜው መኖ ከሞተ የሌላውም በሽታ ነው። በፋሲካ ሳምንት መኖዬ መርዝ ነው ብለን ብንናገር ከዚህ በኋላ ማን ይገዛናል?»

ያ ሰው ለኔም እንደ ጥርስ ሕመም ሆኖብኝ ነበር። ላቦራቶሪ ናሙና ልከን እንጠብቅ አሉ አቶ ግርማ። ሐሳቡ ትክክል ነው። ስቅለት፣ ቅዳሜ፣ ፋሲካ እያለ ውጤቱ ከበዓሉ በፊት እንደማይመጣ ግን ሦስታችንም እናውቃለን።

እትዬ አስካለ ኮምፒውተሩን ወደሳቸው አዞሩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሲያዩት ነው መሰለኝ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ።

«አይደለሁም።»

«መቼ እርግጠኛ ትሆኛለሽ?»

«ተጨማሪ አቤቱታ ሲገባ።»

«አቤቱታ ምንድነው?»

ጥያቄው መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። «የሞተ ዶሮ ነው» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። ጓሮው ውስጥ ማቀላቀያው ይጮሃል። ከዚያ አቶ ግርማን ማሽኑን እንዲያስቆሙ፣ ቅዳሜ የተመረተው በሙሉ ከየሱቁ እንዲነሳ፣ የገዛው ሰው ሁሉ እንዳይመግብ እንዲነገረው አዘዙ። ድምፃቸው ሻይ የሚያዝዙ ይመስል ነበር። አቶ ግርማ ተነስተው ወጡ። ማሽኑ ሲቆም ዝምታው ያስፈራ ነበር።

እኔ ያኔ ደስ ይለኛል ብዬ አስብ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ሪፖርቴን የሚያምን ሰው ስፈልግ ኖሬ፣ አንድ ሰው ሲያምነኝ ፋይሉን እንደገና ከፍቼ መፈተሽ ጀመርኩ። ተሳስቼ ከሆነ አንዲት ሴት ከፉርሽካ ተነስታ የገነባችውን ቤት በአንድ ጠዋት አፍርሻለሁ።

ስልክ መደወል ጀመርን። የገዙትን ሰዎች ስምና ስልክ ከነወሰዱት ብዛት ማውጣት ጊዜ አልፈጀም፤ የጀመርኩት ከሱሉልታው ሰውዬ ነው። የመጨረሻውን መኖ መቼ ገዛህ አልኩት፤ ባለፈው ሳምንት አለኝ። ታዲያ አሁን የምትመግበው እሱን ነው ወይ አልኩት። አይ፣ እሱማ እሑድ ስላለቀብኝ ከጎረቤቴ አንድ ጆንያ ተበድሬ ነው አለኝ። ጎረቤቱን ስሙን ጠየቅሁት። ጎረቤቱ የቅዳሜውን ከወሰዱት ሰዎች መካከል ነበር።

ለአቶ ግርማ ሄጄ ነገርኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና «ሽማግሌ ሆኜ እንዲህ ያለ ነገር ልስማ?» ብለው አንዱን ስልክ አንስተው ከኛ ጋር ይደውሉ ጀመር።

ሰው ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚቀበል ያን ቀን ነው ያየሁት። አንዱ ትናንት እኮ አለቁ ብሎ አመሰገነኝና ዘጋው። አንዲት ሴት ለዶሮ ካልሆነ ለላሚቷ ልስጣት ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አይሆንም አልኳት፤ ለአህያስ አለችኝ። አንዱ ደግሞ የሎተሪ አጭበርባሪ ነሽ ብሎ ሰደበኝ፤ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ደውሎ የምሬን መሆኑን ጠየቀኝ። ከሰዓት ሳይደርስ ብዙውን ሰው አገኘን። መኪናዎቹ ጆንያ ለመመለስ ሱሉልታና ቡራዩ ወጡ።

ሁለት ችግር ቀረን። አንዱ ቡራዩ ነው። ተስፋዬ ከቅዳሜ ወዲህ ከሸጠው ውስጥ የተወሰነው ጎን ስም የለም፤ «ደንበኛ» ይላል፣ በቃ። ደውዬ ማን እንደሆኑ ጠየቅሁት። ሰልፍ ነበር አለኝ። ፊታቸውን እንደሚያውቃቸው፣ ወደ ገፈርሳ አቅጣጫ የሚኖሩ እንደሚመስሉት ነገረኝ። ፊት በማወቅ ብቻ ደግሞ ስልክ መደወል አይቻልም። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ፤ ቡራዩ ሄደው ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ አስጭነው በየሰፈሩ ሊያስነግሩ። ከዚያ ቀን በፊት ማስታወቂያ አስነግረው አያውቁም። የመጀመሪያው ማስታወቂያቸው «የኔን መኖ አትመግቡ» የሚል ሆነ።

ሁለተኛው ችግር ኦቦ ገመቹ ናቸው። ተፍኪ ነው የሚኖሩት፤ ከደንበኞቻችን ሁሉ ብዙ እንቁላል ጣይ ዶሮ ያላቸው እሳቸው ናቸው። የቅዳሜውን መኖ ሰኞ ዕለት በገፍ ወስደዋል። አቤቱታ አላቀረቡም። ስልካቸው ደግሞ ዝግ ነው። እኔ ከሹፌራችን ከሽመልስ ጋር በፒክአፕ እንድሄድ ተባለ።

የተፍኪ መንገድ ላይ ሽመልስ አንድም ቃል አልተናገረም፤ በሕማማት ብዙ አይናገርም። እኔም ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። ሜዳው ደርቆ፣ ታርሶ የተገለበጠው ጥቁር አፈር ዳር እስከ ዳር ተኝቶ ይታያል። እኔ የማስበው ዶሮዎቹ አቤቱታ ያላስነሱት ደህና ሆነው ይሁን ወይስ ኦቦ ገመቹ ለመደወል እንኳ ጊዜ አጥተው እንደሆነ ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው የሚመስሉት፤ ባዶ ቦታ።

ግቢው በር ላይ ስንደርስ የዶሮ ድምፅ ሰማሁ። ብዙ ዶሮ፣ ደህና ዶሮ።

ባለቤታቸው አዴ ብርቄ ናቸው የከፈቱልን። «አካም ኦልታን» ብዬ በኦሮምኛ እንዴት ዋላችሁ አልኳቸው፤ «ነጋ፣ ሴና፣ ሴና» እያሉ አስገቡን። ኦቦ ገመቹ ከዶሮው ቤት ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ረጅም፣ ጸጉራቸው ነጭ የሆነ ሰው ናቸው። ስልካቸው ለምን እንደተዘጋ ጠየቅኳቸው። ሕማማት ስለሆነ ዘጋሁት አሉኝ፤ ስቅለት አልፎ ቅዳሜ እከፍተዋለሁ። ለዚህ ምን ይባላል።

ከዚያ የመጣሁበትን ተናገርኩ። አሮጌው መኖ ዛሬ እንደሚያልቅ፣ አዲሱን ለማታ ለመስጠት አንዱን ጆንያ እንደከፈቱ ነገሩኝ። የተከፈተው ጆንያ እዚያው አጠገባችን ቆሟል። የቅዳሜ ማህተም አለበት። መኖውን በሙሉ ልንወስድ እንደመጣን፣ በምትኩ ነገ በጠዋት ሌላ እንደምናመጣ ነገርኳቸው።

«አልሰጥም» አሉ።

ለምን አልኳቸው። ኦቦ ገመቹ ቀስ ብለው፣ ለልጅ እንደሚያስረዱ አድርገው አስረዱኝ። በዓል ሲደርስ መኖ ይወደዳል። እናንተ የሸጣችሁልኝን መልሳችሁ ለሌላ በውድ ልትሸጡ ነው። እኔ ዶሮዎቼን ለፋሲካ ሳምንት ባዶ ሆድ አላሳድርም። ከዚህ በፊት ሌላ ነጋዴ እንዲሁ አድርጎኛል።

ማስረጃ አለኝ አልኩ። ስልኬን አወጣሁና ካርታውን ከፈትኩላቸው። በጣም የምኮራበት ካርታ ነው። ሦስቱ ከተሞችና ዙሪያቸው ይታያሉ፤ የቅዳሜውን የገዛ ሁሉ ነጥብ ነው፤ ዶሮ የታመመበት ቀይ፣ ያልታመመበት አረንጓዴ። ኦቦ ገመቹ ስልኩን ተቀብለው፣ ዓይናቸውን አጥብበው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እኔ የቱ ነኝ?» አሉኝ።

አሳየኋቸው።

«አረንጓዴ ነኝ።»

«አዎ፣ እስካሁን...»

«እንግዲያው ከኔ ምን ፈለግሽ?» ብለው ስልኬን መለሱልኝ።

ሽመልስ ወደ ሜዳው ዞሮ ቆመ። ኔትወርክ ስለሌለ እትዬ አስካለ ጋ መደወል አልቻልኩም። ስለ ማሽኑ፣ ስለ ሱሉልታው ሰውዬና ስለ ተበደረው ጆንያ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ሲሰሙኝ ከቆዩ በኋላ ወደ ጆንያው አሳዩና እንዲህ አሉኝ፦

«መርዝ ነው ብለሽ ከሆነ አልበላውም ትያለሽ። ደህና ነው ብለሽ ልትሸጪው ከሆነ ደግሞ አትነኪውም፣ ንብረትሽ ነው። እስቲ ብዪው፣ ፊትሽን ልየው።»

አሁን ሳስበው ሐሳባቸው ብዙም አይገጣጠምም። ያኔ ግን በጣም ትክክል መስሎኝ ነበር፤ ርቦኝ ስለነበርም ይሆናል። ጎንበስ አልኩና ለማነጻጸር መጀመሪያ አጠገቡ ካለው ከአሮጌው መኖ ዘገንኩ።

«ጾም አይደለሽም?» አሉኝ።

«ነኝ።»

«የአጥንት ዱቄት አለበት እኮ።»

«አውቃለሁ» አልኩ። አውቅ ነበር፤ የቅልቅሉን ዝርዝር ሲስተም ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በሰሞነ ሕማማት፣ ሰዓት ሳይደርስ፣ የከብት አጥንት ያለበት የዶሮ መኖ አፌ ውስጥ አስገባሁ። የተፈጨ በቆሎና አቧራ አቧራ ይላል። ዋጥኩት። ከዚያ ከአዲሱ ዘገንኩ።

ጨው ነው። እንደ ወጥ ጨው አይደለም፤ ምላስን የሚይዝ፣ ጉሮሮን የሚዘጋ ጨው ነው። ለመትፋት አፈርኩ፤ ግማሹን ዋጥኩት፤ ዓይኔ እንባ ሞላ። መናገር ስላቃተኝ በእጄ ወደ ውሃው አመለከትኩ። አዴ ብርቄ በጣሳ ሰጡኝ። ጠጣሁ። ሌላ ቀዱልኝ፣ ጠጣሁ። ሦስተኛውን ራሴ ቀዳሁ።

ኦቦ ገመቹ የስልኬን ካርታ ካዩት በላይ ነው ያዩኝ። ጣሳውን ሳስቀምጥ ተነሱና ከአዲሱ ጆንያ ትንሽ በጣታቸው ወስደው ምላሳቸው ላይ አደረጉ። እንትፍ አሉ። ከዚያ የተከፈተውን ጆንያ አፍ አስረው በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ፒክአፑ ሄዱ። ሽመልስ ሮጦ ሊቀበላቸው ቢል እምቢ አሉ። ጭነን ስንጨርስ ወደኔ ዞረው «ለነፍስ አባትሽ ተናገሪ፤ ይረዱሻል» አሉኝ።

ነገሩ ኋላ እንደተረዳነው እንዲህ ነው። ቅዳሜ ቀትር ላይ መብራት ሄደ። ማሽኑ ቆመ፣ ጠዋት የገቡት ሠራተኞች ሄዱ፣ መብራቱ ሲመለስ ሌሎች ገቡ። ለቀኑ ሙሉ የተመዘነውን ጨው ለአንድ ዙር የተመዘነ መሰላቸው፤ ከሰዓት በኋላ በየዙሩ ያንኑ ያህል እየመዘኑ ጨመሩ። ክፋት የለበትም፤ ማንም ሊሳሳተው የሚችል ነገር ነው። አቶ ግርማ ናቸው ያገኙት፤ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ አስቀምጠው፣ ሳይቆጡ ጠይቀው። የጠዋቱ ምርት ደህና ነበር፤ እኔ ግን ጠዋቱን ከከሰዓቱ የምለይበት መንገድ ስላልነበረኝ ደህናውንም አስመልሰነዋል።

የላቦራቶሪው ውጤት ከፋሲካ ብዙ ቀን በኋላ መጣ። ጨው በዝቶበታል ይላል። በጥሩ ወረቀት፣ ከነማህተሙ። እትዬ አስካለ አንብበው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ያን ቀን ለላቦራቶሪ ብንጠብቅ ኖሮ ወረቀቱ እዚያው መሳቢያ ውስጥ፣ እኛ ደግሞ ሌላ ቦታ እንሆን ነበር።

ሰው ይሄን ታሪክ ስነግረው እዚህ ላይ ያጨበጭባል። ዶሮ ተረፈ፣ ድርጅቱ ተረፈ፣ የኮምፒውተሯ ልጅ አሸነፈች። የቦሌውንም ሥራ አልፈልግም ብያለሁ። ግን ቆዩ።

ከፋሲካ በኋላ ማክሰኞ ዕለት አንዲት ሴት ቢሮ መጣች። ወይዘሮ ዘነበች ትባላለች፤ ከገፈርሳ በላይ ነው የምትኖረው፤ ባጃጁም ሞንታርቦውም የማይደርስበት ቦታ። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዶሮ ነው የምትተዳደረው። የቅዳሜውን መኖ ከተስፋዬ ሰኞ ገዝታለች። ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ ውላ ስትመለስ ዶሮዎቹ ውሃ መጠጫው ዙሪያ ተኝተው ነው ያገኘቻቸው። ለፋሲካ የሸጠችው የለም።

አልጮኸችም። ሁላችንም እንድትጮህ እየጠበቅን ነበር፤ ይቀለን ነበር። የሰጠናትን ወንበር እንኳ አልተቀመጠችበትም። ጎረቤቷ ጋ ስልክ ተደውሎ የጎረቤቷ ዶሮዎች እንደተረፉ ከበዓሉ በኋላ ሰምታለች፤ ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ነው።

«የደወላችሁላቸው ሰዎች ስልካቸውን ከየት አገኛችሁት?» አለች።

ሲገዙ ተጠይቀው እንደሰጡ ነገርኳት።

«እኔን ማንም አልጠየቀኝም» አለች።

እትዬ አስካለ በዚያው ሳምንት በሞቱት ፈንታ ቄቦች ሰጧት፤ እኔና ሽመልስ ነን ያደረስንላት። ቄብ እስኪጥል ድረስ ያለው ጊዜ ግን የማንም ፋብሪካ የማይተካው ነው። ስንለያት ስልኳን ጠየቅኳት። ቁጥሩን በዝግታ ነገረችኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እንደኔ ቁጥር ሰብስባችሁ ለአለቃ የምታቀርቡ ከሆነ፣ ያን ቀን የተረዳሁትን ልንገራችሁ። የሦስት ከተማን ወሬ አንድ ቦታ ማምጣት ሦስቱም ብቻቸውን የማያዩትን ያሳያል፤ ይሄን አይቻለሁ። ውሳኔውን ግን ኮምፒውተሩ አይወስንላችሁም። ያን ረቡዕ ማሽኑን ያስቆመችው ሴት ነገሩ እንዳልተረጋገጠ እያወቀች ነው ያስቆመችው። ሁለተኛው ነገር ከባድ ነው። መጋዘኔ ውስጥ ያልገባ ሰው ለኔ የለም። ቀይም አይደለም፣ አረንጓዴም አይደለም። ካርታዬ ላይ ገፈርሳ በጣም ሰላማዊ ቦታ ነበር።

እትዬ አስካለ አሁን በየሳምንቱ ይጠይቁኛል። መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ሽያጩ አይደለም፤ ስም የሌለው ስንት ነው ይሉኛል። ተስፋዬ ሰልፍ ቢኖርም ባይኖርም ስምና ስልክ ሳይጽፍ ጆንያ አያስወጣም። ደንበኛው ያጉረመርማል። አንዳንዱ የውሸት ቁጥር ይሰጣል፤ ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ጠዋት እየደወልኩ አረጋግጣለሁ። ራሴን አስተዋውቄ ዶሮዎቹ እንዴት እንደሆኑ እጠይቃለሁ። ሰው ግራ ይገባዋል። ምን ሆኑ አሉሽ ይለኛል፤ ምንም፣ ለመጠየቅ ነው እላለሁ። ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ሲሄድ፣ በሩ ሲከፈት፣ ዶሮዎቹ ሲንጫጩ ይሰማኛል።

«ምንም አልሆኑም» ይለኛል።

እሱንም እጽፈዋለሁ።